ብሎክ ማከማቻ በሴፍ፦ 5 ሰርቨር፣ 20 ኤንቪኤምኢ ዲስክ፣ ለደንበኛ ስንት ቴራባይት ቃል ይገባል?

#1 ሰርቨር_ክፍል

ሰላም ለቤቱ። በፕሮክስሞክስ (የቨርቹዋል ማሽን ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር) ላይ ለሚሠሩ 120 ያህል ቨርቹዋል ማሽኖች የጋራ ብሎክ ማከማቻ ልንተክል ነው። የመረጥነው ሴፍን ነው፤ መረጃን በብዙ ሰርቨሮች ላይ በቅጂ የሚያከማቸውን ሶፍትዌር። ዕቃው ይህ ነው፦ 5 ሰርቨር፣ በእያንዳንዱ 4 ኤንቪኤምኢ ዲስክ፣ አንዱ ዲስክ 3.84 ቴራባይት። በየሰርቨሩ 128 ጊጋባይት ራም፣ 32 ኮር ፕሮሰሰር፣ ባለ ሁለት ወደብ 25 ጊጋቢት ካርድ። ስዊች ሁለት። ቨርቹዋል ማሽኖቹ የሚሠሩትም በእነዚሁ ሰርቨሮች ላይ ነው። ቦታው አዲስ አበባ ስለሆነ የመብራት መጥፋትን አብራችሁ አስቡልኝ።

ድምሩ 76.8 ቴራባይት ነው። ከዚህ ስንቱን ለደንበኛ መስጠት ይቻላል? ሁለት ቅጂ ይበቃል ወይስ ሦስት ይሁን? ከሥር ሬይድ ካርድ (ዲስኮችን የሚያጣምር) ያስፈልጋል? ከመትከላችን በፊት የሚታያችሁን ጉድለት ሁሉ ንገሩኝ።

#2 ጉና_ተራራ

ከቦታው ሂሳብ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። 76.8ን ለሦስት ከፍሎ 25.6 ቴራባይት አለኝ ማለት አይቻልም። ያ ቁጥር ትክክል የሚሆነው ምንም ዕቃ በማይበላሽበት ዓለም ብቻ ነው።

አንድ ሰርቨር ሙሉ በሙሉ ሞተ እንበል። ሴፍ በዚያ ላይ የነበረውን ቅጂ በቀሩት አራት ሰርቨሮች ላይ እንደገና ይጽፋል። ስለዚህ ሂሳቡ የሚጀምረው ከአራት ሰርቨር ነው፦ 61.44 ቴራባይት። ሴፍ አንድ ዲስክ 85 በመቶ ሲሞላ ያስጠነቅቃል፣ 90 በመቶ ላይ ወደዚያ ዲስክ ቅጂ ማዘዋወር ያቆማል፣ 95 በመቶ ላይ ጽሑፍ፣ ማለትም አዲስ መረጃ መጻፍን፣ ይከለክላል። ከ85 በታች ለመቆየት 61.44 በ0.85 ሲባዛ 52.2፣ ለሦስት ቅጂ ሲካፈል 17.4 ቴራባይት። ለደንበኛ ቃል የሚገባው ይህ ነው፤ ከዚያም ላይ ለስናፕሾት ትንሽ ይቀነሳል።

ይህን ወደ ማንቂያ ብትለውጠው፣ አምስቱም ሰርቨር ደህና ሳሉ አጠቃላይ አጠቃቀሙ 68 በመቶ ሲደርስ ገደቡ ላይ ነህ። ማንቂያውን 60 ላይ አድርገው። ዲስክ ከውጭ ታዝዞ፣ ጉምሩክ አልፎ እስኪገባ ድረስ ማከማቻው መሞላቱን አያቆምም።

#3 ቆጣቢው

ሦስት ቅጂ ለዚህ መጠን ቅንጦት አይሆንም? ዲስኮቹ የኢንተርፕራይዝ ናቸው፣ ቶሎ አይሞቱም። በሁለት ቅጂ ቢሠራ፣ ጽሑፍ ለመቀበል የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ የቅጂ ቁጥር 1 ቢያደርጉት፣ በዚያው ሂሳብ 17.4 የነበረው 26 ቴራባይት ይሆናል። ባክአፕ ካለ ምን ችግር አለው?

#4 ሳባ_ሊኑክስ

ቆጣቢው ወንድሜ፣ ችግሩ ዲስክ በመሞቱ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ቅደም ተከተሉን ተመልከት፦

ሁለት ቅጂ አለ፤ አንዱ ሰርቨር ሀ ላይ፣ አንዱ ሰርቨር ለ ላይ። ሰርቨር ለ ከርነል ለማደስ ሪቡት ይደረጋል። ዝቅተኛው 1 ስለሆነ ሀ ብቻውን ጽሑፍ መቀበሉን ይቀጥላል። በዚያች አሥር ደቂቃ የሀ ዲስክ ይሞታል። ለ ይነሳል፣ ግን በእጁ ያለው የአሥር ደቂቃ አሮጌ መረጃ ነው። ሴፍ ከሀ ላይ የተጻፈ እንደነበር ስለሚያውቅ አሮጌውን እንደ እውነት አይወስድም፤ ያ የዕቃ ቡድን፣ ማለትም ፒጂው፣ ይቆማል። እዚህ ላይ ያለህ ምርጫ ወይ የሞተውን ዲስክ ማስነሳት፣ ወይ የጠፋውን ጽሑፍ አምኖ መቀበል ነው።

ይህ በአንድ ፋይል ላይ አይቀርም። አርቢዲ፣ ማለትም የሴፍ ብሎክ ማከማቻ፣ የቨርቹዋል ማሽኑን ዲስክ ባለ 4 ሜጋባይት ቁራጭ አድርጎ በሁሉም ዲስኮች ላይ ይበትናል። የ40 ጊጋባይት ዲስክ 10,240 ቁራጭ ነው። 512 ፒጂ ባለበት ፑል (የማከማቻ ክፍል) አንድ ፒጂ ቢጠፋ፣ ከእያንዳንዱ 40 ጊጋባይት ዲስክ በአማካይ 20 ቁራጭ ይጎድላል። ስለዚህ የሚጎዳው አንድ ደንበኛ ሳይሆን 120ውም ማሽን ነው፤ ሁሉንም ከባክአፕ ልትመልስ ነው።

ሁለት ቅጂ በዝቅተኛ 2 ካደረግክ ደግሞ አንድ ሰርቨር ሪቡት በተደረገ ቁጥር ሥራው ይቆማል። ሦስት ቅጂ፣ ዝቅተኛ 2፣ እያንዳንዱ ቅጂ በተለያየ ሰርቨር ላይ ይሁን። አንድ ሲጠፋ ሥራ ይቀጥላል፣ ሁለት ሲጠፉ ጽሑፍ ይቆማል እንጂ መረጃው አይበላሽም። ቦታ መቆጠብ ካስፈለገ ለማኅደር የሚሆነውን ብቻ ወደ ኢሬዠር ኮዲንግ (በሙሉ ቅጂ ፈንታ የማገገሚያ ስሌት ወደሚያስቀምጠው ዘዴ) መውሰድ ይቻላል፤ ግን በአምስት ሰርቨር 4 የመረጃ ሲደመር 2 የማገገሚያ ቁራጭ አይገባም፣ ስድስት ይጠይቃል። ለቨርቹዋል ማሽን የስር ዲስክ ደግሞ አልመክርም። ጥቃቅን ጽሑፍ በመጣ ቁጥር የድሮውን አንብቦ እንደገና ማስላት አለበትና።

#5 ሰርቨር_ክፍል

ሳባ፣ ተረድቻለሁ፤ ሦስት ይሆናል። አመሰግንሻለሁ። ሬይዱስ? ዲስኮቹንስ በምን እንምረጥ? ሻጩ ሁለት ዓይነት አቅርቧል፤ አንደኛው ግማሽ ዋጋ ነው።

#6 አባይ_ዳር

ሬይድ ካርድ አይግባ። ሴፍ ዲስኩን በቀጥታ ማየት አለበት፤ ካርዱ መሐል ሲገባ የዲስኩን ጤና ይሸፍናል፣ የራሱ ካሽ ባትሪው ሲሞት ደግሞ ተጻፈ ያለውን ጽሑፍ ይጥላል። ለስርዓተ ክወናው ብቻ ሁለት አነስተኛ ኤስኤስዲ በሶፍትዌር ሬይድ 1 ማድረግ ጥሩ ነው።

ስለ ዲስኩ፦ ግማሽ ዋጋ ያለው የኃይል መጥፋት መከላከያ ካፓሲተር ከሌለው፣ በነፃም አይወሰድ። ምክንያቱ ይህ ነው። ሴፍ እያንዳንዱን ጽሑፍ «በእርግጥ ዲስክ ላይ ሰፍሯል» እስኪባል ይጠብቃል። ካፓሲተር ያለው ዲስክ ጽሑፉ ራሙ ላይ እንዳረፈ «ሰፍሯል» ማለት ይችላል፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ካፓሲተሩ ወደ ፍላሹ ለማውረድ የሚበቃ ኃይል ይዟል። የሌለው ዲስክ ግን በየጊዜው እስከ ፍላሹ ድረስ መውረድ አለበት። ውጤቱ፣ በሳጥኑ ላይ በመቶ ሺዎች የተጻፈለት ዲስክ በዚህ ዓይነት ጽሑፍ በሰከንድ ጥቂት መቶ ወይም አንድ ሁለት ሺህ ላይ ይቀራል።

ከመግዛትህ በፊት አንድ ናሙና አምጥተህ በኤፍአይኦ (የዲስክ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) ለካ፦ ባለ 4 ኪሎባይት የዘፈቀደ ጽሑፍ፣ የወረፋ ጥልቀት 1፣ አንድ ሥራ ብቻ፣ ካሽ የሚዘል፣ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ በኋላ ሲንክ የሚያደርግ። ለ60 ሰከንድ ሳይሆን ቢያንስ ለ30 ደቂቃ፤ ርካሽ ዲስክ የውስጥ ፈጣን ክፍሉ እስኪሞላ ድረስ ጥሩ መስሎ ይታያል። ፈተናውን በፋይል ሳይሆን በቀጥታ በዲስኩ ላይ ካደረግከው ያለውን ሁሉ ይደመስሳል፤ የዲስኩን ስም ሁለት ጊዜ አረጋግጥ።

ስለ ዕድሜ ብዙ አትጨነቅ። ማሽኖቹ ሁሉ በቀን 5 ቴራባይት ቢጽፉ፣ በሦስት ቅጂ 15፣ ለ20 ዲስክ ሲካፈል በቀን 0.75 ቴራባይት። የሴፍን የራሱን ተጨማሪ ጽሑፍ እጥፍ ብናደርገው እንኳ 1.5 ነው። በቀን አንድ ሙሉ ጽሑፍ የሚችለው ዲስክ 3.84 ይችላል። በቀን ሦስት ሙሉ ጽሑፍ የሚችለውን መግዛት አያስፈልግም፤ በተረፈው ገንዘብ ሁለት መጠባበቂያ ዲስክ ግዛና መደርደሪያ ላይ አስቀምጥ።

#7 ጉና_ተራራ

ማንም ያላነሳው ራሙ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

አንድ ኦኤስዲ (አንድን ዲስክ የሚያስተዳድር የሴፍ ሂደት) በነባሪው 4 ጊጋባይት ላይ ታርጌት ተደርጎ ይሠራል፤ ግን ይህ ጣሪያ አይደለም፣ በማገገም ጊዜ ያልፈዋል። ለኤንቪኤምኢ 8 ጊጋባይት ያዝለት። በሰርቨር አራት ኦኤስዲ፣ 32 ጊጋባይት። ለስርዓተ ክወናው፣ ለሞኒተርና ለማኔጀር (የክላስተሩን ሁኔታ ለሚከታተሉት የሴፍ ሂደቶች) 8 ጨምር። ከ128 የሚተርፈው 88 ነው። አንድ ሰርቨር ሲሞት ማሽኖቹ ወደ አራቱ ይሄዳሉ፣ አራት ጊዜ 88 ማለት 352 ጊጋባይት። ለ120 ማሽን ሲካፈል 2.9 ጊጋባይት ለአንዱ። ማሽኖቻችሁ በአማካይ 4 ጊጋባይት ከያዙ 480 ያስፈልጋል፤ አምስቱም ደህና ሳሉ እንኳ 440 ነው ያለህ።

ሲጨናነቅ የሚሆነው ደግሞ አስከፊ ነው። ከርነሉ ራም ሲያጣ ትልቅ የያዘውን ሂደት ይገድላል፤ ትልቅ የያዘው ብዙ ጊዜ ኦኤስዲ ወይም ቨርቹዋል ማሽን ነው። ኦኤስዲው ሲሞት ማገገም ይጀምራል፣ ማገገሙ በሌሎቹ ሰርቨሮች ላይ ራም ይጨምራል፣ እዚያም ሌላ ይገደላል። ራሙን 256 አድርጉት።

#8 ሰርቨር_ክፍል

የማሽኖቹ አማካይ ከ4 ጊጋባይት ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ 256 የግድ ነው ማለት ነው። ኔትወርኩን እንዴት እንከፋፍለው? መጽሐፉ የሕዝብና (ደንበኛ የሚገባበት) የክላስተር (ኦኤስዲዎች ቅጂ የሚለዋወጡበት) ኔትወርክ ይለያል።

#9 ኔትወርክ_ሠሪ

ከአንድ ወደብ ለአንዱ፣ ከሌላው ለሌላው ብለህ አትክፈል። ያን ካደረግክ አንድ ኬብል ሲነቀል ግማሹ ይሞታል፤ ከክፉው ሁሉ ክፉ ደግሞ የክላስተሩ ኔትወርክ ብቻ ሲሞት ነው፣ ኦኤስዲዎች እርስ በርስ «ሞቷል» እየተባባሉ ለሞኒተር ይከሳሰሳሉ፣ ሞኒተሩ ግን በሌላው መስመር ሁሉንም በሕይወት ያያቸዋል። ሁለቱን 25 ጊጋቢት በኤልኤሲፒ ቦንድ (ሁለት ወደብን እንደ አንድ መስመር ማጣመር) አድርገህ አንዱን ወደ ስዊች 1 ሌላውን ወደ ስዊች 2 ውሰድ። ለዚህ ሁለቱ ስዊቾች እንደ አንድ የሚታዩበት ኤምላግ መኖር አለበት፤ ከሌለ ቦንዱን አክቲቭ-ባክአፕ አድርገው። በዚያ ላይ በቪላን መለያየት ይበቃል።

አንድ ነገር ግን በፍጹም በዚህ ቦንድ ላይ ብቻ እንዳይሄድ፦ የፕሮክስሞክስ ኮሮሲንክ፣ ሰርቨሮቹ በሕይወት መኖራቸውን የሚነጋገሩበት። ፍጥነት አይፈልግም፣ ግን መዘግየት አይወድም። የሴፍ ማገገም መስመሩን ሲሞላው የኮሮሲንክ ጥቅል ይዘገያል፣ ሰርቨሩ ኮረም (ከብዙኃኑ ጋር ያለውን ግንኙነት) ያጣል፣ ኤችኤ (ሰርቨር ሲወድቅ ማሽንን በሌላ ላይ የሚያስነሳ አሠራር) የበራባቸው ማሽኖች ካሉ ዋችዶጉ (ጠባቂው) በ60 ሰከንድ ውስጥ ሰርቨሩን ሪሴት ያደርገዋል። አራት ኦኤስዲ አብሮ ይወድቃል፣ ማገገሙ ይብሳል፣ የሚቀጥለው ሰርቨርም በተራው ይወድቃል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን 1 ጊጋቢት ወደብ በተለየ ትንሽ ስዊች ለኮሮሲንክ አንደኛ መስመር አድርገው፣ ቦንዱ ሁለተኛ ይሁን።

ኤምቲዩ (የአንድ ጥቅል ትልቁ መጠን) 9000 ካደረግክ በሁሉም ቦታ ይሁን፤ በካርዱ፣ በቦንዱ፣ በቪላኑ፣ በብሪጁ፣ በስዊቹ። ከአምስቱ ሰርቨሮች ወደ አምስቱም ባለ 8972 ባይት ፒንግ «አትከፋፍል» በሚል ምልክት ላክ። አንዱ ካላለፈ ክላስተሩ ጤነኛ መስሎ በየመሐሉ ይንጠለጠላል፤ ትንሹ ጥቅል ያልፋል፣ ትልቁ ይቀራል። እርግጠኛ ካልሆንክ 1500 ላይ ተወው። በ25 ጊጋቢት ላይ ልዩነቱ ይህን ያህል አያስቸግርም።

#10 ሳባ_ሊኑክስ

ለመጽናት ሲታሰብ ሁሉም ሰው የሚያስበው ዕቃው የሚበላሽበትን ቅጽበት ነው። በእኔ እምነት ማከማቻ የሚወድቀው ከዚያ በኋላ በሚመጣው ማገገም ነው፤ ለዚህ ትልቁ ማስረጃ ከአማዞን የመጣ ነው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 2011፣ በአማዞን ቨርጂንያ ቀጠና የኢቢኤስ ብሎክ ማከማቻ ለቀናት ተቃውሶ ነበር። አማዞን ራሱ ባወጣው ማብራሪያ፣ መነሻው ኔትወርክ ለማሳደግ በተደረገ ሥራ ትራፊኩ በስሕተት አቅሙ ወደ አነሰው መስመር መዞሩ ነበር። ብዙ የማከማቻ ሰርቨሮች ከሁለተኛ ቅጂያቸው ተቆራረጡ። መስመሩ ሲመለስ ሁሉም በአንድ ጊዜ አዲስ ቅጂ የሚያሰፍሩበት ባዶ ቦታ ፍለጋ ወጡ፤ ባዶ ቦታው አለቀ፤ ያጡት ደግሞ ሳያርፉ መፈለጋቸውን ቀጠሉ። በተጎዳው የቀጠናው ዞን ካሉት ቮልዩሞች 13 በመቶ ያህሉ ተንጠለጠሉ፣ 0.07 በመቶው እስከ መጨረሻው አልተመለሰም። ዲስክ በብዛት ስለሞተ የመጣ አልነበረም። ባዶ ቦታ በማነሱና ማገገሙ ልጓም ስላልነበረው ነው።

ለአንተ ክላስተር ትርጉሙ ሁለት ነው። አንደኛው ጉና በ#2 ያለው ባዶ ቦታ። ሁለተኛው የማገገም ልጓም። ሂሳቡን ልሥራው፦ ሰርቨሩ 60 በመቶ የሞላ ከሆነ 15.36 በ0.6፣ 9.2 ቴራባይት እንደገና ይጻፋል። ክላስተሩ በሰከንድ 1 ጊጋባይት ቢያገግም 2 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ደንበኛው መሥራት አለበት። ከኩዊንሲ ከሚባለው የሴፍ ሥሪት ጀምሮ ነባሪው የጽሑፍና የንባብ ተራ አደራጅ ኤምክሎክ ነው፤ ሦስት ፕሮፋይል አለው፦ ለደንበኛ የሚያደላ፣ ሚዛናዊ፣ ለማገገም የሚያደላ። ቀን ለደንበኛ የሚያደላውን፣ ሌሊት ሚዛናዊውን ተጠቀም። በድሮ ጽሑፎች የምታገኘው «የባክፊል (የቅጂ ማዘዋወር) ቁጥር ቀንስ» የሚለው ምክር በኤምክሎክ ሥር ለብቻው አይሠራም፤ እንዲሻር የሚፈቅደውን ቅንብር አስቀድመህ ካላበራህ ቁጥሩን ችላ ይለዋል።

#11 አባይ_ዳር

በሳባ ላይ ልጨምር። ሰርቨር ኃይል ሲያጣ የሚሆነውን በሰዓት ልንገርህ። ኦኤስዲዎች በየ6 ሰከንዱ ይጠራራሉ፤ 20 ሰከንድ መልስ ያጣ ሞቷል ተብሎ ይከሰሳል። በዚያች 20 ሰከንድ ወደዚያ ሰርቨር የሚያመራ ጽሑፍ ሁሉ ይንጠለጠላል፤ ደንበኛው ማሽኑ የቆመ ይመስለዋል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ይህ የተለመደ ነው፣ አትደንግጥ። ከዚያ 600 ሰከንድ ይጠበቃል፤ ካልተመለሰ ዲስኮቹ ከክላስተሩ ወጥተው ማገገም ይጀምራል።

ለታቀደ ጥገና ዲስኮቹ ከክላስተሩ እንዳይወጡ የሚያደርገውን ኖአውት የሚለውን ባንዲራ አብራ፣ ሰርቨሩን ሪቡት አድርግ፣ ሁሉም ፒጂ ንጹሕ መሆኑን እይ፣ ባንዲራውን አጥፋ፣ ከዚያ ብቻ ወደሚቀጥለው ሂድ። ብዙ ራም ያለው ሰርቨር ሲነሳ ራሙን ለመፈተሽ ብቻ አሥር ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ ባንዲራው ካልበራ ሳያስፈልግ ቴራባይቶች መዘዋወር ይጀምራሉ።

ሰርቨር ሙሉ በሙሉ ሲወድቅ ሰው እስኪያየው ድረስ ማገገም ራሱ እንዳይጀምር ከፈለግክ፣ ሳይዘዋወር የሚታለፈውን የውድቀት ደረጃ ከነባሪው ራክ (የሰርቨር መደርደሪያ) ወደ ሆስት (አንድ ሰርቨር) ለውጠው። ያን ጊዜ ነጠላ ዲስክ ሲሞት በራሱ ያገግማል፣ ሰርቨር ሲወድቅ ግን ይጠብቅሃል። ሌሊት ተጠባባቂ ሰው ካላችሁ ይህን እመርጣለሁ፤ ከሌላችሁ አትንኩት።

#12 ፖስትግሬስ_ልጅ

ሴፍ ላይ ዳታቤዝ ስናስቀምጥ ይንቀረፈፋል። ዲስኮቹ እያንዳንዳቸው በመቶ ሺዎች የሚጽፉ ሆነው ሳለ በአንድ ማሽን ውስጥ በሰከንድ ከ1,500 ኮሚት (የተረጋገጠ የዳታቤዝ ጽሑፍ) በላይ አናገኝም። የሰርቨር_ክፍል ሰዎችም ይህን አስቀድመው ቢያውቁት ጥሩ ነው። መፍትሔ አለው?

#13 ጉና_ተራራ

ቁጥርህ ልክ ነው፤ ብልሽት አይደለም። አንዲት ጽሑፍ ከማሽኑ ወደ ዋናው ኦኤስዲ ትሄዳለች፣ ዋናው ለሁለቱ ረዳቶች ይልካል፣ ሁለቱም ዲስክ ላይ አስፍረው ይመልሳሉ፣ ከዚያ ለማሽኑ «ተጽፏል» ይባላል። ሁሉም ተደምሮ 0.6 ሚሊሰከንድ ከሆነ፣ 1 ሰከንድ ለ0.6 ሚሊሰከንድ ሲካፈል 1,667 ነው። አንዱ ኮሚት ሳያልቅ ሌላው የማይጀምር ከሆነ ከዚህ በላይ መሄድ አይቻልም። ሃምሳ ግንኙነት በአንድ ጊዜ ሲጽፍ ግን ድምሩ ብዙ እጥፍ ያድጋል።

የሚቀነሰውን ቀንስ፦ በሰርቨሮቹ ባዮስ ላይ ጥልቅ የእንቅልፍ ደረጃዎችን ዝጋ፣ የፕሮሰሰሩን ገቨርነር ፐርፎርማንስ አድርገው። ነባሪው ኃይል ቆጣቢ ከነበረ በላተንሲው (በመዘግየቱ) ላይ የሚታይ ለውጥ ታገኛለህ፤ ያለ ወጪ የሚገኝ ትልቁ ማሻሻያ ይህ ነው። በቨርቹዋል ማሽኑ ላይ የዲስክ መቆጣጠሪያው ቨርቲዮ ስካዚ ሲንግል ይሁን፣ አይኦ ትሬድም ይብራ።

ዳታቤዙ እጅግ ብዙ ተከታታይ ኮሚት ካለው ግን ሴፍ ላይ አታስቀምጠው። ሁለት ሰርቨር ላይ በየራሳቸው ዲስክ አድርገህ የፖስትግሬስን የራሱን ስትሪሚንግ ሬፕሊኬሽን ተጠቀም። ዳታቤዙ ቅጂውን ራሱ ያውቃል፤ ከሥሩ ሌላ ሦስት ቅጂ መደርደር ላተንሲ ብቻ ይጨምራል።

#14 ሳባ_ሊኑክስ

ላተንሲ ከተነሳ፣ ከሞተ ዲስክ ይልቅ የሚጎዳው የሚያዘግም ዲስክ ነው። የሞተው በ20 ሰከንድ ይወጣል። የሚያዘግመው ግን ጥሪውን ይመልሳል፣ ጽሑፉን ግን ግማሽ ሰከንድ ይፈጅበታል። ከ20 ዲስክ አንዱ ከሆነ በሦስት ቅጂ ሂሳብ 15 በመቶው ጽሑፍ በእሱ በኩል ያልፋል፤ ቁራጮቹ የተበተኑ ስለሆኑ 120ውም ማሽን ይነካል። የእያንዳንዱን ኦኤስዲ የኮሚት ላተንሲ በግራፍ ተከታተሉ፤ አንዱ ከሌሎቹ አምስት እጥፍ ሆኖ ከቆየ፣ ስማርቱ (የዲስኩ የራሱ የጤና ምርመራ) ደህና ነው ቢልም አውጡት። በዝግታ ክብደቱን ወደ ዜሮ አውርዱ፣ ባዶ ሲሆን ቀይሩት።

#15 ሰርቨር_ክፍል

ከልብ አመሰግናለሁ። መብራቱስ? ዩፒኤሱ 20 ደቂቃ ይይዛል፣ ጄኔሬተር አለ፣ ግን አንዳንዴ ሳይነሳ ሊቀር ይችላል ብለን ነው የምናስበው።

#16 አባይ_ዳር

መጀመሪያ ስዊቾቹ ዩፒኤስ ላይ መሆናቸውን እይ፣ የኮሮሲንኩን ትንሽ ስዊች ጨምሮ። ሰርቨሩ በሕይወት ሳለ ስዊቹ ቢጠፋ ከሁሉ የከፋውን ታያለህ።

ዩፒኤሱ ከ20ው ደቂቃ 12 ሲቀረው ማጥፋት ይጀመር። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ኤችኤን አቁም፤ ቨርቹዋል ማሽኖቹን በሙሉ ዝጋ፣ እስኪያልቁ ጠብቅ። ከዚያ ማዘዋወርንና ማገገምን የሚያግዱትን ባንዲራዎች አብራ፦ ኖአውት፣ ኖባክፊል፣ ኖሪባላንስ፣ ኖሪከቨር። ሞኒተር የሌለባቸው ሰርቨሮች ካሉ እነሱን አስቀድመህ፣ ሞኒተር ያለባቸውን መጨረሻ አጥፋ። ይህን በስክሪፕት አድርገው፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በእጅ የሚተየብ ነገር አይደለም።

ሲነሳ በተቃራኒው ነው። ስዊች መጀመሪያ፣ ቀጥሎ የሞኒተር ሰርቨሮች፣ ከዚያ የቀሩት ካሉ። ከሁሉ በፊት ግን ሰዓቱን እይ። ሞኒተሮች በመካከላቸው ከ0.05 ሰከንድ በላይ ልዩነት ሲያዩ ያስጠነቅቃሉ፤ የማዘርቦርድ ባትሪው የሞተ ሰርቨር በዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ከተነሳ ደግሞ የመለያ ቁልፉ ሁሉ ውድቅ ይሆናል፣ ምክንያቱን ፍለጋ ሰዓታት ይጠፋሉ። ኢንተርኔቱ ከመብራቱ ዘግይቶ ሊመለስ ስለሚችል፣ ክሮኒ (ሰዓት አስተካካዩ ፕሮግራም) የውጭ ሰርቨር ብቻ እንዳይጠብቅ፣ ሰርቨሮቹ እርስ በርስም ሰዓት ይጠያየቁ። ሁሉም ኦኤስዲ ከገባ በኋላ ባንዲራዎቹን አጥፋ፤ ፒጂዎቹ ንጹሕ ሲሆኑ ማሽኖቹን በአሥር በአሥር እያልክ አስነሳ። 120ው በአንድ ላይ ከተነሱ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይጨናነቃል።

ስለ ሞኒተር፦ በአምስት ሰርቨር አምስት አድርጉ፤ ሁለት ቢጠፉ እንኳ ኮረሙ ይቀጥላል። የሞኒተሩ መረጃ የሚቀመጥበት የስርዓተ ክወና ዲስክ ሰፊ ይሁን፤ ክላስተሩ ታሞ ሲቆይ አሮጌ ካርታዎች ስለሚከማቹ ያብጣል። ነፃ ቦታው 5 በመቶ ሲደርስ ሞኒተሩ ራሱን ይዘጋል።

#17 ቆጣቢው

የሦስቱን ቅጂ ነገር አምኜበታለሁ። ታዲያ ሦስት ቅጂ ካለ ለባክአፕ የተለየ ሰርቨር መግዛት ለምን?

#18 ሳባ_ሊኑክስ

አንድ ሰው ዲስክ ሲሰርዝ ሦስቱም ቅጂ በአንድ ቅጽበት ይሰረዛል። ቫይረስ ሲቆልፍም ሦስቱም ይቆለፋል። ከቅጂ የምታገኘው ከዕቃ ብልሽት መዳንን ብቻ ነው።

የፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር በተለየ ማሽን፣ ከተቻለ በተለየ ሕንፃ ይሁን። ሌላ ክላስተር ካላችሁ የአርቢዲ ሚረሪንግ በስናፕሾት መንገድ በየ15 ደቂቃው ልዩነቱን ብቻ ይልካል፤ በጆርናል መንገድ የሚሠራው ግን እያንዳንዱን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ስለሚያስጽፍ ተዉት። ዲስክ መሰረዝ ሲያስፈልግ በቀጥታ ሳይሆን ወደ አርቢዲ ትራሽ ይግባ፣ 14 ቀን ቆይቶ ይጸዳ። ፑል መሰረዝን ሞኒተሩ በነባሪ ይከለክላል፤ ያን ክልከላ ማንም አያንሳው።

#19 ሰርቨር_ክፍል

የመጨረሻ ሁለት ጥያቄ። ፒጂ ስንት እናድርግ? እና ደንበኛ ፋይል ሲያጠፋ ቦታው ይመለሳል ወይ?

#20 ጉና_ተራራ

ፒጂ፦ 20 ዲስክ በ100፣ ለ3 ሲካፈል 667። ቅርቡ የሁለት ርቢ 512 ነው፤ በዲስክ ወደ 77 ይደርሳል። አንድ ፑል ብቻ ከሆነ 1024ም ይሆናል፣ በዲስክ 154። የፒጂ ቁጥርን በራሱ የሚያስተካክለውን አውቶስኬለር ካበራህ ፑሉን «በልክ» (bulk) ብለህ ምልክት አድርግበት፤ ያለዚያ በትንሽ ጀምሮ መረጃ በገባ ቁጥር እየከፈለ ያዘዋውራል። በዲስኮቹ ላይ ያለውን የሚያመጣጥነው ባላንሰር አፕማፕ በሚባለው መንገድ ይሥራ። እሱ ከሌለ አንዱ ዲስክ 70 ሲሆን ሌላው 82 ሊሆን ይችላል፤ ጽሑፍ የሚቆመው ደግሞ በአማካዩ ሳይሆን በሞላው ዲስክ ነው።

ቦታው በራሱ አይመለስም። ደንበኛው 100 ጊጋባይት ፋይል ሲያጠፋ ሴፍ አያውቅም። በማሽኑ ዲስክ ላይ ዲስካርድ (የተለቀቀ ቦታን ለሴፍ የሚያሳውቅ ቅንብር) ይብራ፣ በማሽኑ ውስጥ የኤፍኤስትሪም ሳምንታዊ ተግባር መኖሩ ይረጋገጥ፤ በብዙ ሊኑክስ ላይ አብሮ ይመጣል። ዊንዶውስም የራሱ አለው። የሁሉም በአንድ ሌሊት እንዳይሆን ሰዓቱን በትኑት። የቨርቹዋል ዲስክ ድምር ከ17.4 በላይ መሸጥ የምትችሉት ይህ ከሠራ ብቻ ነው።

#21 ሰርቨር_ክፍል

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እነዚህን ሁሉ አድርገን እንኳ አንድ ዲስክ 95 ቢደርስና ጽሑፍ ቢቆም፣ መጀመሪያ የሚነካው ምንድን ነው?

#22 አባይ_ዳር

መጀመሪያ ማሽን አታስነሳ፣ አታጥፋ፤ ጽሑፋቸው ተንጠልጥሎ እየጠበቀ ነው፣ ቦታ ሲገኝ ይቀጥላሉ። የትኛው ዲስክ እንደሞላ እይ። አንዱ ብቻ ከሆነና ሌሎቹ 80 ላይ ካሉ የባላንስ ችግር ነው፤ የሙላት ገደቡን ከ0.95 ወደ 0.96 አንሳ፣ የባክፊሉን ገደብ ከ0.90 ወደ 0.92፣ ከዚያ የዚያን ኦኤስዲ ሪዌይት (የመረጃ ድርሻ ክብደት) ወደ 0.9 አውርድ፤ ቁራጮቹ ወደ ሌሎቹ መውጣት ይጀምራሉ። ሁሉም ከሞሉ ገደቡን በዚያው ልክ አንሥተህ ትራሹን አጽዳ፣ የቆዩ ስናፕሾቶችን ሰርዝ፤ ገደቡ ሳይነሳ ስረዛውም ሊንጠለጠል ይችላል። ስናፕሾት ሲሰረዝ ቦታው ወዲያው አይመለስም፤ ከኋላ ቀስ እያለ ይጸዳል፣ የሚጠብቁትን ፒጂዎች ቁጥር ተከታተል።

ከ0.97 በላይ አትውጣ። ብሉስቶር (ኦኤስዲው ዲስኩ ላይ የሚጽፍበት ክፍል) ለራሱ የውስጥ መዝገብ ቦታ ካጣ ኦኤስዲው ይወድቃል፣ እንደገናም ላይነሳ ይችላል። ቦታ ከተገኘ በኋላ ሁለቱን ገደቦች ወደ 0.95 እና 0.90 መልሳቸው።